የጥርስ ሐኪሙና የጣውንቴ የሕይወት ታሪክ

የሰፈራችን የጥርስ ሐኪም ከአናጢው አባታቸውና ከአዋላጇ እናታቸው በጥቅምት ወር 1938 ዓ.ም. ተወለዱ። ለቤቱ አራተኛ ልጅ ነበሩ። ይህን የጻፍኩት እኔ ባለቤታቸው ነኝ። ልጆቼ “እማዬ፣ በሕዝብ ፊት ነው የሚነበበው፤ አደራሽን የዚያችን ነገር አታንሺ” ብለው ለምነውኝ እሺ ብዬ ነበር። ግን የሰውየውን ታሪክ ያለ እሷ ልጻፍ ብል ግማሹ ወረቀት ባዶ ቀረብኝ።

የአንደኛና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በጥሩ ውጤት አጠናቀው በ1957 ዓ.ም. የጥርስ ሕክምና ትምህርት ቤት ገቡ። በ1962 ዓ.ም. ተመርቀው በጫማ ሰፊውና በፎቶ ቤቱ መሃል ባለች ጠባብ ክፍል ክሊኒካቸውን ከፈቱ። እጃቸው ቀላል ነበር፤ “መርፌው መቼ ገባ?” ያላለ በሽተኛ የለም። እኔም ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ሁለት ሳምንት ያላስተኛኝን መንጋጋ ይዤ የሄድኩት እዚያው ነው። “አፍሽን ክፈቺ አልኳት፣ ይኸው እስከ ዛሬ አልዘጋችውም” እያሉ ለሰው ሁሉ ያወሩ ነበር። ጋብቻችን በ1964 ዓ.ም. ተፈጸመ፤ ሴቷ ልጃችን በ1966፣ ወንዱ በ1969 ዓ.ም. ተወለዱ።

እስከ 1978 ዓ.ም. ድረስ ቀንቼ አላውቅም ብል ውሸት ነው፤ የክሊኒኩን ነርስ ቅንድብ አልወደውም ነበር። ያ ግን መለማመጃ ነበር። በዚያ ዓመት ከባለ ዳቦ ቤቱ ጓደኛቸው ጋር ሆነው አንዲት አሮጌ፣ ባለ አራት ወንበር አውሮፕላን ገዙ። ነጭ ናት፤ ወገቧ ላይ ቀይ መስመር አላት። ተምረው የአብራሪነት ፈቃድ አወጡ፤ እኔም ጣውንት መጣብኝ። እሑድ በመጣ ቁጥር በለስላሳ ጨርቅ ያጥቧታል፤ የቤታችንን መስኮት በዕድሜያቸው አንድ ቀን ወልውለው አያውቁም። ይባስ ብለው “እስቲ የወንበር ልብስ ስፊላት” አሉኝ። ሰፋሁላት። ጣውንቷን በገዛ እጇ ያለበሰች ሴት ካለች እጇን ታውጣ! ፎቶዋን ደግሞ ክሊኒኩ ጣሪያ ላይ፣ ከሕክምናው ወንበር ትክክል በላይ ለጠፉት፤ በሽተኛው ሁሉ አፉን ከፍቶ እሷን ያያል። የኔ ፎቶ መሳቢያ ውስጥ ከሰው ሠራሽ ጥርስ ጋር ነበር።

በሰኔ ወር 1980 ዓ.ም. ሲያርፉ የጎን ነፋስ መታቸው። አውሮፕላኗ ሦስት ጊዜ ነጥራ፣ ከማኮብኮቢያው ወጥታ በቆሎ ማሳ ውስጥ ገባች። የፊት ጎማዋ ተሰበረ፣ የእሳቸው ቅንድብ ሰባት ቦታ ተሰፋ። እኔ በቤት ጫማዬ ወደ ሆስፒታል በረርኩ። አልጋው ጋ ስደርስ ዓይናቸውን ገለጥ አድርገው “እሷ እንዴት ናት?” አሉኝ። ልጃችንን መስሎኝ “ደህና ናት፣ ትምህርት ቤት ናት” አልኩ። “ትምህርት ቤት ምን ትሠራለች? ፕሮፔለሯ ተርፏል ወይ?” አይሉኝ መሰላችሁ! ነርሷ ሳቀች። አውሮፕላኗን ጠግነው በስድስተኛው ወር ዳግም በረሩባት።

ሁለተኛው አደጋ በ1986 ዓ.ም. የደረሰው ነው። (ልጄ፣ የምታነበው አንተ ነህ፤ ይህን አንቀጽ እንዳትዘል።) ይህቺ አውሮፕላን ከተነሳች በኋላ ጎማዋን ወደ ሆዷ ታስገባለች፤ ለማረፍ ሲል አብራሪው መልሶ ማውረድ አለበት። አገር ሁሉ የሚያውቀው ሐኪሙ ጎማ ማውረድ መርሳታቸውን ነው። ለምን እንደረሱ ግን ከእኔ በቀር የሚያውቅ የለም። የጋብቻችን ሃያ ሁለተኛ ዓመት ነበርና “ደስ ይበልሽ” ብለው ይዘውኝ ወጡ። አዲስ ቀሚስ ሰፍቼ ለብሻለሁ። እሳቸው ግን ዓይናቸው ከመሣሪያው አይነቀልም፤ “አይዞሽ እመቤቴ” ሲሉ እንኳ ለእሷ ነው። ማረፊያው ሜዳ ከታች ሲታይ ከዚህ በላይ አልቻልኩም። “ስማ!” አልኩ፤ “ከእኔና ከሷ አንዳችንን ምረጥ!”

ያኔ ፊታቸውን ወደ እኔ አዞሩ። ትክ ብለው አዩኝ። እሷ ላይ ተቀምጠው እኔን ሲያዩ ያ የመጀመሪያቸው ነው። አንድ ነገር ይጮኽ ነበር፤ የማስጠንቀቂያው ደወል መሆኑን እኔ አላወቅሁም፣ እሳቸውም አልሰሙም። በሆዷ አረፍን። እኛ ጭረት አልነካንም፤ እሷ ግን ከዚያ ወዲያ አልተነሳችም።

መርማሪዎቹ “ምን አዘናጋዎት?” ሲሏቸው “ምንም። ረሳሁ” ብለው ፈረሙ፤ ፈቃዳቸውንም መለሱ። ባለ ዳቦ ቤቱ ሦስት ዓመት አኮረፋቸው። ጥርሱን ሊያስነቅል የመጣ ሁሉ “ሐኪም፣ መርፌውን እንዳይረሱ” ይላቸው ነበር። ቻሉት። አንድ ቀን እንኳ “በአንቺ ነው” አላሉኝም። ጥያቄዬንም አልመለሱልኝም። ደግሜ ልጠይቅ ብል “እሷን” ቢሉኝስ? ፈራሁ። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ በተሰባበረ ብረት ስቀና ኖርኩ።

በ2010 ዓ.ም. የመርሳት ሕመም ጀመራቸው። የልጆቻቸው ስም ጠፋቸው፤ ቀጥሎ የኔም ጠፋ። ባለፈው ወር አልጋ ሲይዙ ደግሞ በሌለ ሬዲዮ ከአየር ማረፊያው መቆጣጠሪያ ማማ ጋር ማውራት ጀመሩ፦ ከፍታ ይህን ያህል፣ ነፋስ ከዚህ በኩል። ጉድ እኮ ነው! የኔን ስም የረሳ ሰው የሷን ነዳጅ በሊትር ያውቃል! ሲጀምሩ ክፍሉን ጥዬላቸው እወጣ ነበር። አንድ ቀን ልጄ እጄን ይዛ “እማዬ፣ እስቲ እስከ መጨረሻው ስሚው” ብላ መለሰችኝ። ሰማሁ። “ጎማ ወርዷል” አሉ። “ሁለት ሰዎች ነን። ባለቤቴ አብራኝ ናት። ለአውሮፕላኗ ግድ የለኝም፣ እሷን በደህና ላድርሳት። ማረፍ እችላለሁ ወይ?”

እንደ ማማው ሰው ሆኜ ማረፍ ብፈቅድላቸው እንደሚሄዱ ገባኝ። ሦስት ቀን በጠየቁ ቁጥር “ይጠብቁ” አልኳቸው፤ እሳቸውም “እሺ፣ አንድ ዙር እዞራለሁ” ይሉኝ ነበር። በአራተኛው ቀን ትንፋሻቸው አጠረ። አርባ ስምንት ዓመት አንተ ያልኩትን ሰው አንቱ ብዬ “ማረፍ ይችላሉ” አልኩ።

በተወለዱ በሰባ አራት ዓመታቸው የካቲት 11 ቀን 2012 ዓ.ም. ጠዋት ዐረፉ። የሁለት ልጆች አባት፣ የአምስት ልጆች አያት ነበሩ። ባለ ዳቦ ቤቱ ጓደኛቸውም እዚሁ መሃላችን አለ፤ ወንድሜ፣ እሳቸውን ይቅር እንዳልክ እኔንም ይቅር በለኝ። ፈጣሪ ነፍሳቸውን ከደጋጎቹ ጎን ያኑርልን። ብቻ የሚሄዱበት አገር ክንፍ ያላቸው የበዙበት ነው ይባላልና፣ እኔ እስክመጣ ድረስ ዓይናቸውን ይጠብቅልኝ።