ስለ ኢዩ ቆዳ ለጠየቅሽው

ቦሌ አራብሳ
እሁድ፣ የካቲት 16 ቀን 2017 ዓ.ም.

ዲንዬ፣ የኢዩ እናት፣

የጌታ ሰላም ካንቺም ከእማማም ጋር ይሁን። እኛ ደህና ነን። አሁን ከቸርች ተመልሰን እህቴ አዝመራ ምሳ እየሠራች ነው። ኢዩ አጠገቤ ምንጣፉ ላይ በሆዱ ተኝቶ የአክስቱን ነጠላ ጫማ ሊይዝ ይታገላል። ሊደርስበት ምንም አልቀረው፤ ሲያቅተው ቀና ብሎ ያየኛል፤ እኔም ዝም እለዋለሁ።

ወንድምሽ እዝራ ነገ ጠዋት ወደ ሐዋሳ ስለሚመለስ ይህን ደብዳቤ እሱ ይሰጥሻል። ስልክ እንደሚከብድሽ፣ የልጁን ድምፅ ስትሰሚ ቀኑን ሙሉ እንደምትጨነቂ ነግሮኛል። እሺ፣ አልደውልም። ደብዳቤ ጥሩ ነው፤ ሲመችሽ ታነቢዋለሽ፣ ሲደክምሽ ታስቀምጪዋለሽ።

እዝራ ትናንት ሻይ እየጠጣ፣ "ስለ ኢዩ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ" አለኝ።

"ምን አለችህ?"

"'ቆዳው ዳነ ወይ?' አለችኝ። ሌላ ምንም አላለችም።"

ድኗል ዲንዬ። አሁን ብታይው ምንም ምልክት የለበትም። እዝራ፣ "ድኗል በላትና ተዋት፣ አታስጨንቃት" ብሎኝ ነበር። እኔ ግን በመሃል የሆነውን ሳልነግርሽ "ድኗል" ብቻ ብልሽ ደስ አይለኝም። ስለዚህ በደንብ ቁጭ ብለሽ አንብቢልኝ።

አንቺ ከእማማ ጋር ከሄድሽ ብዙም ሳይቆይ ያ የመጀመሪያው የቂጡ መላላጥ ጠፋ። ይህን ስታነቢ ምን እንደምትዪ አውቃለሁ። "እኔ ስሄድ ዳነ" ትያለሽ። ቆይ፣ አትቸኩዪ።

እኔም እንደሱ ነበር የመሰለኝ፤ አንቺን ሳይሆን እኔን ጎበዝ አድርጌ ነው እንጂ። ወሎ ሰፈር ጋራዡ ውስጥ ለጓደኞቼ ሳይቀር ጉራዬን ነዛሁ። "ልጄን ራሴ ነኝ የማጥበው፣ ቆዳው እንደ ሐር ነው" እያልኩ። የመኪና ኤሌክትሪክ የሚሠራ ሰው ስለ ሕፃን ቂጥ ሲያወራ ምን ያህል እንደሳቁብኝ አትጠይቂኝ።

ከዚያ ውሃ ጠፋ። የአራብሳን ውሃ ታውቂዋለሽ፤ በፈረቃችን ይመጣል ስንል ቀረ፣ በሚቀጥለውም ቀረ። ጀሪካኖቹ አለቁ። የቀረችውን ለማብሰያና ለመጠጥ አደረግናት፣ ኢዩን ደግሞ ያን ሽቶ ያለውን እርጥብ ሶፍት ገዝቼ በእሱ እንጠርገው ጀመር። በዚያው ሰሞን ሆዱ ተበላሸ። ቀይረነው ሳንጨርስ ያበላሸዋል። አዝመራ ደከማት፣ እኔም ሥራ ማርፈድ አበዛሁ። አንድ ቀን ጠዋት ልወጣ ስል ብልጥ ነኝ ብዬ ዳይፐሩ እንዳያፈስ ሁለት ደርቤ ጥብቅ አድርጌ አሰርኩለት። "እስክመጣ ይቆይለታል፣ አትቸገሪ" ብያት ሄድኩ።

ማታ ታክሲው መንገድ ላይ ተገትሮ ተገትሮ ቤት ስደርስ ልቅሶው ከደረጃው ይሰማል። ፈታሁት። ምን ልበልሽ፣ ትኩስ ውሃ የፈሰሰበት ነው የሚመስለው። ቂጡ ቀልቷል፣ ጭኑና ሆዱ የሚገናኙበት እጥፋት ውስጥ ተልጦ ያዣል። ልጠርገው እጄን ሳስጠጋ እንደዚያ ሲጮህ ሰምቼው አላውቅም። አንቺ ካየሽው የባሰ ነበር ዲንዬ። በጣም የባሰ።

ልጁን ለአዝመራ ሰጠሁና መታጠቢያ ቤት ገብቼ በሩን ዘጋሁት። አንቺ ትቀመጪ የነበረበት ቦታ፣ ሳፋው አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጥኩ። አለቀስኩ። "ልጄን አቃጠልኩት" አልኩ። ካልኩት በኋላ ነው ቃሉ ያንቺ መሆኑ የገባኝ። ያኔ ከበሩ ውጪ ሆኜ፣ "ኧረ ዲና፣ ሽፍታ ነው፣ ምን ሆነሻል?" እልሽ ነበር። አዝመራም ከውጪ፣ "ወንድሜ፣ ሽፍታ እኮ ነው፣ ውጣ" ትለኛለች። ልወጣ አልቻልኩም።

ያወጣኝ የውጪው በር መንኳኳት ነው። የታችኛው ፎቅ ጎረቤታችን እትዬ አፀደ ልቅሶውን ሰምተው አንድ ጀሪካን ውሃ በሁለት እጃቸው እያንፏቀቁ ደረጃውን ወጥተዋል። በዚያ በሚያማቸው ጉልበት! "ለብ አድርጉና አፍስሱበት፣ አትፈትጉት" አሉ። ካጠብነው በኋላ፣ "በል አሁን ራቁቱን ተወው፣ አየር ያግኝ" ብለው አልጋው ላይ ፎጣ አነጠፉለት። ፓውደር ልነስንስበት ስል እጄን ያዙኝ፤ "ነገ ሐኪም ይየው፣ ከዚያ በፊት ምንም እንዳትቀባው።" እንቅልፍ እስኪወስደው ከጎኑ አልተነሱም። ስላንቺ አንድም ጥያቄ አልጠየቁኝም። ሲወጡ ብቻ፣ "ዲናዬን ሰላም በልልኝ" አሉ። ይኸው ሰላምታቸው።

በነጋታው ጤና ጣቢያ ወሰድኩት። የተቀበለችን ሲስተር ፈቲያ የምትባል ነርስ ናት። ኢዩን አገላብጣ አየችው፤ እጥፋቶቹን ሁሉ ቀስ ብላ እየከፈተች።

"ማነው የሚቀይርለት?" አለችኝ።

"እኔና እህቴ።"

"እናቱስ?"

"አሟታል። ሐዋሳ እናቷ ጋ ናት።" ከዚያ ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ ሁሉንም ነገርኳት። ከወሊድ በኋላ እንቅልፍ እንዳጣሽ፣ መብላት እንዳቆምሽ፣ ልጁ የተላጠ ጊዜ "ከኔ ጋር ከሆነ ይጎዳል" ብለሽ ልታቅፊው እንደፈራሽ። ሐኪም እየተከታተለሽ መሆኑንም።

"አሁን የተላጠው በማን እጅ ነው?" አለችኝ።

"በኔ።"

"ልጅህን ልትጎዳው ፈልገህ ነው?"

"ኧረ በጌታ!"

"እሷም እንደዚያው" አለች። "የማንም ክፋት አይደለም። እርጥበት ነው። ሽንትና ሰገራ ቆዳው ላይ ሲቆይ ቆዳው ይሳሳል፣ ዳይፐሩ ደግሞ ላዩ ላይ ይፈገፍገዋል። ተቅማጥ ሲጨመርበት ይብሳል። ዳይፐር የሚያደርግ ሕፃን አብዛኛው ያጋጥመዋል። የኔ ሴት ልጅ ተልጣለች፤ እኔ ነርስ ሆኜ!" ሳቀች። እኔም ሳቅኩ፣ እንባዬ ግን ፈሰሰ።

እጥፋቱ ውስጥ ስለገባና ዙሪያውን ቀያይ ነጠብጣብ ስላለው ፈንገስም ጨምሮበታል ብላ ቅባት አዘዘችለት። ለሆዱም ፈሳሽ እንድንሰጠው ነገረችን። ልወጣ ስል ጠርታ፣ "ለሚስትህ ንገራት" አለችኝ። "የልጁም ሕመም ነው፣ የእሷም ሕመም ነው። ሁለቱም የሚድኑ ናቸው።"

ይኸው ነገርኩሽ።

አሁን እንዴት እንደምናደርግ ታውቂ ዘንድ ልጻፍልሽ። ዳይፐሩ ሞላ አልሞላ ቶሎ ቶሎ እናየዋለን፤ ሰገራ ካለማ ለደቂቃም አናቆየውም። ሽቶ ያለውን ሶፍት ጣልነው። ለብ ባለ ውሃ እናጥበዋለን፣ ከዚያ ለስላሳ ጨርቅ ጫን ጫን እያደረግን እናደርቀዋለን እንጂ አንፈትገውም። በደንብ ሳይደርቅ ዳይፐር አይደረግለትም። ዚንክ ያለበትን ነጭ ቅባት ወፈር አድርገን እንቀባዋለን፤ እሱ እርጥበቱን ከቆዳው ይከለክልለታል። ዳይፐሩን ጣቴ የሚገባበት ያህል ላላ አደርገዋለሁ። ለኢዩ ብቻ የሚሆን ውሃ በክዳን ባልዲ ለብቻው ተቀምጧል፤ አዝመራ ራሷ ቡና ለማፍላት እንኳ አትነካውም። እኔም እጄን ጋራዥ ታጥቤ፣ ቤት ስገባ ደግሜ ታጥቤ ነው የማቅፈው፤ የግራሶ ሽታ አሁንም አልለቀቀኝም።

ጠዋት ጠዋት ደግሞ ሳሎን መስኮቱ ሥር ፎጣ ላይ ራቁቱን እናጋድመዋለን። ደስታውን ብታይ! ትናንት እዝራ ጎንበስ ብሎ ሊስመው ሲል ሽንቱን ሸሚዙ ላይ ለቀቀበት። እዝራ፣ "ይሄ ሰላምታ ነው?" ብሎ ሲጮህ ኢዩ በድምፅ ሳቀ። እንደዚያ ሲስቅ የመጀመሪያው ነው። ሳቁ ያንቺ ነው፤ መጀመሪያ ትንፋሹ ይቆማል፣ ከዚያ ድንገት ይፈነዳል። አዝመራም ወዲያው ነው ያወቀችው።

እዝራ ጠዋት ጠዋት ከእማማ ጋር ሐይቁ ዳር እንደምትሄዱ፣ ትንሽ ትንሽም መብላት እንደጀመርሽ ነገረኝ። እንዴት ደስ አለኝ መሰለሽ። መድኃኒትሽን እንዳታቋርጪ፤ ሐኪምሽ የሚልሽን ስሚ። በኔ በኩል የሚያቻኩልሽ የለም። ቤቱም አለ፣ እኛም አለን።

የጸለይነውን የሚሰማ ጌታ ሰውነትሽን ያበርታ፣ እንቅልፍሽን ጣፋጭ ያድርገው። እማማን እግራቸውን ስሜያለሁ በዪልኝ።

የዘወትር ያንቺው፣
በዳሳ

ረስቼው፦ ስትቀይሪለት ቀኝ እግሩን ቀድመሽ ያዢ። ጉልበት አውጥቷል፤ ይራገጣል። የመጀመሪያ ቀን እንዳያስደነግጥሽ ብዬ ነው።