የአበቅቴ ቁልፍ

ጥቅምት ፫፣ ሰኞ፣ ጧት ፫ ሰዓት

ዛሬም ያመሰጠርኩት ሠላሳ ፊደል ብቻ ነው። ዐይኔ ከዚያ አልፎ አይታዘዝም። ግን ደስ ብሎኛል፣ ማስታወሻዬ ሆይ።

ነገሩን ያመጣችው የቀድሞ ተማሪዬ፣ ዛሬ በከተማችን ዩኒቨርሲቲ ምስጠራ የምታስተምረው ዶ/ር ሰብለ ናት። ምስጢራዊ ቁጥሮች እንደ ጅረት ሳያቋርጡ እየፈሰሱ፣ በእያንዳንዱ ፊደል ላይ አንድ በአንድ እየተደመሩ መልኩን የሚለውጡበትን ጥበብ ብታስረዳኝ፣ እኔም አንድ እሠራለሁ አልኩ። ይሥሩ፣ እሰብረዋለሁ አለች።

ጅረቴን ከባሕረ ሐሳብ ቀዳሁት። ለመጀመሪያው ፊደል የአንድ ዓመት አበቅቴ፣ ማለትም አጽዋማት የሚሰሉበት የጨረቃ ትርፍ፤ ለሁለተኛው የተከታዩ ዓመት፤ እንዲያ እያለ። ከየትኛው ዓመት እንደጀመርኩ የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ።

ጥቅምት ፭፣ ረቡዕ

ሰብለ ደወለች። ዘዴውን ይንገሩኝ፣ የሚደበቀው ቁልፉ ብቻ ነው አለች። ቤቱን በር በበር አሳይቶ መክፈቻውን ብቻ መያዝ መሰለኝና ተከራከርኩ። ዘዴው በመደበቁ ብቻ የሚጠበቅ ምስጢር ባለቤቱ ባወራ ዕለት ያልቃል፣ «እርስዎ ደግሞ ጨዋታ ይወዳሉ የኔታ» አለችኝ። ነገርኳት።

ያመሰጠርኩትን ግን አልነገርኳትም። ለአንቺ ለማስታወሻዬ ልናዘዝ። ለሙከራው አንድ መዝሙር በበቃ ነበር። እኔ ግን፣ የደምበጫ ገበሬ የነበሩት አባቷ ልጃቸውን ለሒሳብ ትምህርት ወደ ዩኒቨርሲቲ ይልኩ እንደሆነ ምክር ሊጠይቁኝ ት/ቤት ድረስ በመጡ ጊዜ፣ ሴት ልጅ ለዚህ አትሆንም፣ እቤት ትቆይ ብዬ እንደመለስኳቸው ጻፍኩ። ሁለት ዓመት ከትምህርት ቀረች። ደጉ ሰው ስሜን ሳያነሡ፣ ውሳኔው የእኔ ነው እንዳሉ ዐረፉ። እሷም እስከ ዛሬ አባቷን ታማለች።

ጥቅምት ፱፣ እሑድ

ከቅዳሴ መልስ ወረቀቱን ሰጠኋት። ፀሐይዋ ለስላሳ ናት፣ ጌሾዬ አምሮበታል። ቢሰበር ይሻለኛል ወይስ ባይሰበር? ጧት ባይሰበር አልኩ። አሁን እንጃ።

ጥቅምት ፲፪፣ ረቡዕ፣ ከሰዓት

ተሰበረ።

በምን? በሰላምታው። ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል፣ እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። ይህን ሳያስቀድሙ ጉዳይ መጀመር ነውር ነው ብዬ፣ የዘለለውን ተማሪ ሁሉ ማርክ ስቀንስ የኖርኩ ሰው፣ በምስጢር ደብዳቤም አልዘለልኩትም። እሷም ያለ ሰላምታ እንደማልጀምር ታውቃለችና፣ ሰላምታውን ከተመሰጠረው ጽሑፍ ላይ ቀንሳ ቁልፉን አወጣች። ሠላሳ አራት ፊደል ነው። አበቅቴ ደግሞ በዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ተመልሶ ያንኑ ይደግማል። የማይደግም ጅረት ነው ጥሩ ጅረት አለች።

ሌላውን የባሕረ ሐሳብ ቁጥር፣ መጥቅዕን ብደርብበትስ አልኳት።

«ከአበቅቴ ጋር ተደምሮ ሁልጊዜ ሠላሳ አይደል እንዴ? አንዱን የያዘ ሌላውንም ያዘ። የኔታ፣ አሁን እርስዎን ማርክ ልቀንስዎት?»

ሳቅን። ከዚያ ወረቀቱን ከቦርሳዋ አወጣች። ከሰላምታው ቀጥሎ ስሟንና የአባቷን ስም ባየች ጊዜ እርሳሷን አስቀምጣለች። ቁልፉ ሙሉው በእጇ ነው፤ የቀረውን ግን አልፈታችም። ዘዴውን መስበር ሥራዬ ነው፣ የሰው ልብ ግን ባለቤቱ ሲከፍተው ነው የሚያምረው አለች። ነገ በዐሥር ሰዓት እመጣለሁ ብላ ሄደች።

ጥቅምት ፲፫፣ ኀሙስ፣ ፱ ሰዓት ተኩል

እንቅልፌ መልካም ነበር። ይገርማል። በዕድሜዬ ከገነባሁት ሁሉ ይህ ምስጠራ ፈጥኖ ፈረሰ፣ እንደዚህም የጠቀመኝ የለም።

ወስኛለሁ። ወረቀቱን አልሰጣትም፣ ራሴው ድምፄን ከፍ አድርጌ አነብላታለሁ፤ አባትሽ ያንቺን መሄድ ፈልገው እንደመጡ፣ የከለከልኩት እኔ እንደሆንኩ። ከዚያ የምትለውን ትበል። ደጅ ወንበር አውጥቻለሁ፣ ሁለት። መነጽሬንም ወልውያለሁ።

ባጃጅ ቆመ። ሰዓቷ ገና ነው፣ ቀድማ መጣች። ወረቀቱን ይዤ ልነሣ።