«ደህና ነኝ» ብለሽ እንዳትጽፊልኝ

ይድረስ ለውድ እናቴ ለወይዘሮ ኣኽበረት፤ አዲስ አበባ።

እማዬ፣ እንደምን ከርመሻል? ሰው ጤና ሲጠይቅ ከራስ ጠጉር ጀምሮ ወደ እግር ጥፍር ይወርዳል፤ እኔ ግን ዛሬ ከእግር ጥፍርሽ ልጀምር። የግራ እግርሽ እንዴት ነው? ጉልበትሽስ? እንቅልፍሽስ? እህል ይበላልሻል ወይ? ወንድሜ ፀጋዘአብና እህቴ ራሄልስ እንዴት ናቸው? እኔ ጤና አለኝ፤ ያስጠጋችኝ አክስቴም ምንም አላጎደለችብኝም። መልእክተኛሽ ክፍሉ ከአዲስ አበባ ከመጣ ወዲህ ግን ሐሳቤ ሁሉ አንቺው ጋ ነው።

ምክንያቱን ከመናገሬ በፊት ሆስፒታል ያየሁትን ልንገርሽ፤ ያንን ካልሰማሽ አትረጂኝም። ለነርስነት ልምምድ በተመደብንበት ክፍል ወይዘሮ ንግስቲ የሚባሉ እናት እግራቸው ተሰብሮ፣ በጄሶ ታስሮ ተኝተው ነበር። አብሮኝ የሚማረው በራኺ ማለዳ ገብቶ፣ ወላጆቹ እንዳሳደጉት ጎንበስ ብሎ፣ እንዴት አደሩ አላቸው። እሳቸውም ጽቡቕ፣ ደህና ነኝ፣ ይመስገን አሉት። እሱ ያንኑ ተቀብሎ ካርዳቸው ላይ «ሕመም የላቸውም» ብሎ ጻፈ። አስተማሪያችን ሲስተር ለተሰንበት መጥተው ካርዱን አነበቡና ብርድ ልብሱን ገለጡት። የሴትዮዋ የእግር ጣቶች አብጠው፣ ጠቁረው፣ ሲነኳቸው እንደ ድንጋይ ቀዝቅዘዋል። ለካ ጄሶው ጠብቆ ደም አላሳልፍ ብሎ ኖሯል። ሐኪም ተጠርቶ በሩጫ ቀደዱት፤ ትንሽ ቢዘገይ እግሩ ይቆረጥ ነበር። በራኺ ግድግዳው ላይ ተለጥፎ ያያል።

በኋላ፣ ምነው አልተናገሩም ተብለው ሲጠየቁ፣ የሰው ልጅ በማለዳ እንዴት አደርሽ ሲለኝ አመመኝ ብዬ ቀኑን ላበላሽበት ወይ አሉ። ሲስተር ለተሰንበት ወደ እኛ ዞረው፣ የጻፋችሁት ሰላምታ ነው፤ ሰላምታ የሕመምተኛን ሁኔታ አይናገርም፤ መጀመሪያ እዩ፣ ንኩ፣ ደግሞ ጠይቁ አሉን። እማዬ፣ ወዲያው ያንቺ ደብዳቤዎች ትዝ አሉኝ። «ደህና ነኝ» የማይል አንድም የለም።

ስለዚህ ክፍሉ የላክሽልኝን በርበሬ ይዞ መጥቶ፣ እናትሽ ደህና ናት ሲለኝ አልተዋጠልኝም። እንዴት ናት ማለቱን ትቼ፣ ስትሸኝህ እስከ በር መጣች ወይ፣ እግሯ ላይ ምን አድርጋለች፣ አጠገቧስ ምን ነበር እያልኩ ያዝኩት። ሻሂው እጁ ላይ ቀዘቀዘ። ለመሸኘት እንዳልተነሳሽ ነገረኝ። ቀኝ እግርሽ ጫማ አድርጓል፣ ግራው በጨርቅ ተጠቅልሏል። የውሃው ጆግ ከአጠገብሽ አይለይም። ቀሚስሽ ሰፍቶሻል። ቁስሉ ከመስቀል ጀምሮ አልደርቅ እንዳለ፣ አንቺም በጠበልና በጨው ፍል ውሃ እንደያዝሽው ራሄል ሹክ ብላዋለች። በመጨረሻም፣ ለብርክቲ እንዳትነግራት፣ ፈተናዋን ጥላ ትመጣለች ብለሽ እንዳስማልሽው ተናዘዘ። እሱን እንዳትቆጪው፤ ያወጣጣሁት እኔ ነኝ።

የበሽታውን ስም መስጠት የሐኪም ፋንታ ነው። የእኛ ሥራ ሰውየው ምን እንደተቸገረ፣ ችግሩ ከምን እንደመጣና በምን እንደሚታወቅ አስተካክሎ መጻፍ ነው፤ ነርሲንግ ዲያግኖሲስ ይሉታል። ለማላውቃቸው ሰዎች ስንቱን ጻፍኩ። ትናንት ግን ላንቺ ጻፍኩ። እንዲህ ይላል፦ «ሕመሟን ትደብቃለች፤ ምክንያቱ ልጇ ትምህርቷን እንዳታቋርጥ መፍራቷ ነው፤ ምልክቱም የተጠቀለለ እግርና ደህና ነኝ የሚል ደብዳቤ ነው።» ለሲስተር ለተሰንበት አሳየኋቸው፤ የማን እንደሆነ አልነገርኳቸውም። አነበቡትና፣ ምክንያቱን ካገኘሽው መድኃኒቱንም እዚያው ላይ አድርጊ አሉኝ።

እማዬ፣ ተቀይሜሻለሁ። ከቅያሜዬ ግን ፍርሃቴ ይበልጣል። ውሃ የሚያስጠማ፣ የሚያከሳ፣ ቁስል የማያደርቅ ነገር ስኳር ሊሆን ይችላል፤ ችላ ካሉት እግር ያሳጣል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም እያልሽ ያሳደግሽን አንቺ አይደለሽ እንዴ? ይህ ደብዳቤ በደረሰሽ ማግስት ፀጋዘአብ ሆስፒታል ይውሰድሽ። ውሃ እንደሚጠማሽ፣ ሽንት ቶሎ ቶሎ እንደሚመጣሽ ሳታፍሪ ንገሪያቸው። ጠበሉን ተዪ አልልሽም፤ ሐኪሙን ጨምሪበት ነው የምልሽ። እግርሽን በፍል ውሃና በጨው መዘፍዘፉን ግን አደራ፣ አቁሚ።

ፀጋዘአብን ሳሚልኝ፤ ጨርቁን በቀን ብርሃን ፈትቶ የቁስሉን መልክና ሽታ፣ እግሩም ይሙቅ ይቀዝቅዝ አይቶ ይጻፍልኝ። ራሄልን ጉንጯን ሳሚልኝ፤ ሹክ በማለቷ እንዳትቆጫት። ለጎረቤታችን ለእትዬ ፍቅርተ እጅ ንሺልኝ፤ ፀጋዘአብ ሥራ ከያዘው እሳቸው ይዘውሽ ይሂዱ። አክስቴ ሰላም ብላሻለች፤ እሷም እንደ እኔ ተቀይማለች።

አሁን ደግሞ በደንብ ስሚኝ። ደህና ነኝ ብለሽ የጻፍሽልኝ እንደሆነ፣ ደብዳቤሽ በደረሰኝ ማግስት ፈተናዬን ጥዬ አውቶቡስ ላይ ነኝ፤ የሚያስቀረኝ የለም። የቱ ጋ እንዳመመሽና ሐኪሙ ያለሽን ከጻፍሽልኝ ግን እዚሁ ቁጭ ብዬ እፈተናለሁ። እንዳልመጣ ከፈለግሽ፣ እማዬ፣ አመመኝ በዪኝ።

ልጅሽ ብርክቲ

አስመራ፣ ጥራቮሎ
ኅዳር 12 ቀን 1987 ዓ.ም.