የእማዬ እንስራ ድምፅ

አሰላሙ አለይኩም ወንድሜ ነስረዲን፤ የአሰላ ብርድ እንዳለ ነው፣ እኛም አልሃምዱሊላህ አለን።

እማዬ ስልኬን አታነሳም ብለህ አኩርፈሃል አሉ። በኤግዚቢሽን ሰበብ ሀገር ለሀገር እየዞርክ ለኢድ እንኳ የማትመጣው አንተ፣ ደግሞ አኩራፊ ሆንክ?

ባለፈው ሁሩታ ገበያ እንደልማዷ የሠራችውን እንስራ በጣቷ አንኳኩታ «ደህና ነው» ብላ ሸጠችው። ገዢዋ ግን ተሰንጥቋል ብላ ወዲያው መለሰችው። የተሰነጠቀ ሸክላ በድምፁ እንደሚለይ ያስተማረችን እኮ እሷ ናት። ተናድጄ ከኋላዋ ጮህኩባት፤ ዞራም አላየችኝ።

ትናንት ደግሞ አንተ በነፋስ እየተጋጩ ይዘፍናሉ የምትላቸውን የሸክላ ሥራዎችህን በቪዲዮ አሳየኋት፤ ድምፁን እስከ መጨረሻው ከፍቼ። «ያምራሉ» አለች። «ግን ነፋሱ ሲመታቸው ምንም አይሉም?»

መልሱን አንተው መጥተህ ንገራት፤ ጠጋ ብለህ።

አላህ በሰላም ያግባህ።

እህትህ ናኢማ