በብርድ ልብስ የተለወጠ ስም

ማክሰኞ፣ ጥር 14 ቀን

ለልጄ፣ ለዓይኔ ብርሃን፤

እንደምን ሰንብተሻል? የልጅሽ ሳል ለቀቀው ወይ? እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴን ከጠየቅሽኝ እሱ ራሱ ይጮኻል፤ እኔ አልናገርለትም። ደብዳቤሽ ከደረሰኝ ሦስት ሳምንት ሆነው። ፊደል አስቸግሮት ነው የዘገየው እንዳትዪኝ። ተናድጄ ነው። በንዴት የያዙት እስክሪብቶ ወረቀት ይበሳል።

«አባዬ፣ ሠራተኛ ለሚያመጣ ሠራተኛ ፋብሪካችሁ ሽልማት ጀምሯል አሉ። ለባለቤቴ አንዲት ፊርማ ብታኖርለት እኮ እኛም ወዳንተ እንመለስ ነበር» ብለሻል። ስለዚህች አንዲት ፊርማ ልንገርሽና ከዚያ ፍረጅ።

ሽልማቱ ብርድ ልብስ ነው። ያመጣሽው ሰው በተቀጠረ ማግስት ተጠቅልሎ ይሰጥሻል። ብዙ ያመጣ ደግሞ ፎቶው በሩ ላይ ይሰቀልለታል። ሰው ማምጣትማ ድሮም ነበር፣ ታውቂዋለሽ። ያመጣሽውን ሦስት ወር ከጎንሽ አቁመሽ ታሠሪዋለሽ፤ ካጠፋ አንገት የምትደፊው አንቺ ነሽ። አሁን ፎርም ብቻ ሆነ። ስም፣ ስልክ፣ ዝምድና። አለቀ።

ሳሙና መቁረጫው ላይ ያለው ሰውዬ ብቻውን አስራ አንድ ሰው አስገባ። አስራ አንድ! ከየት እንደሚለቅማቸው ታውቂያለሽ? ከአውቶቡስ ፌርማታ። «ሥራ ትፈልጋለህ? እንግዲያው የአክስቴ ልጅ ነህ» ይለዋል። አንደኛው በመጀመሪያ ቀኑ ገብቶ፣ ያንኑ ያስገባውን ሰውዬ ራሱን፣ «ጌታው፣ እዚህ ቤት የአክስቴ ልጅ የሚባለው የትኛው ነው?» ብሎ ጠየቀው። ግቢው በሳቅ ፈረሰ። እኔ ግን ወደ ሳሙና ቆራጩ ሄድኩ።

«አንተ ሰው፣ ትንሽ አታፍርም?» አልኩት።

«ምን አስጨነቀዎት አባባ፣ እርስዎም አንድ ሰው ያምጡና ይሙቁ» አለኝ።

«እኔ ሠላሳ ዓመት ቦይለር ስር ቆሜ አልበረደኝም። ብርዱ ያንተ ስም ላይ ነው» ብዬው ሄድኩ።

ከአስራ አንዱ አንዱን ለኔ ላኩት። ራሰ በራ፣ የሦስት ልጆች አባት ነው። ፎርሙ ላይ «የቦይለር ልምድ ያለው» ተብሎ ተጽፎለታል። ልምድህ የት ነው ብዬ ብጠይቀው፣ «ሻወር ቤት ሠርቻለሁ» አለኝ። ከጎኔ ላቁመው ብዬ ብለምን፣ «ልምድ አለው ተብሏል፣ ብቻውን ፈረቃ ይያዝ» አሉ።

ያለፈው ሐሙስ ጠዋት ልረከበው ገባሁ። መዝገቡን ገለጥኩ። «ውሃው ግማሽ፣ ውሃው ግማሽ» እያለ በየሰዓቱ በሚያምር ጽሕፈት ደርድሮታል። ቀና ብዬ የውሃ መለኪያውን መስታወት አየሁ። ባዶ! ጠብታ የለበትም። ሰውዬው የኔን ፊት ሲያይ ዘሎ ውሃ ሊለቅበት! እጁን በመፍቻ አልኩት። ደርቆ የጋለ ቦይለር ውስጥ ቀዝቃዛ ውሃ ከገባ ፈንድቶ ግድግዳውንም እኛንም ይዞን ነው የሚሄደው። እሳቱን አጠፋሁ፣ የማሸጊያ ክፍሉን ሴቶች አስወጣሁ፣ እስኪበርድ ድረስ ሁላችንም ግቢው ውስጥ ተገተርን።

«ለምንድን ነው ግማሽ ብለህ የጻፍከው?» አልኩት።

«እርስዎ ሲያስረክቡኝ ግማሽ ብለው ጽፈው የለ? የታላቅ ሰው ቃል ብዬ ነው።»

ፈራሁ አልልሽም ልጄ። ተጠየፍኩ። ለአንድ ብርድ ልብስ!

የሥራ ልብሴን ሳልቀይር የቅጥር ክፍሏ ሴትዮ ዘንድ ገባሁ። ባንቺ ዕድሜ ብትሆን ነው። «አባባ፣ ይቀመጡ» አለችኝ። «አልቀመጥም፣ ወንበርሽ ይቆሽሻል» አልኳት፤ ያለውን ሁሉ አወረድኩባት። ትቆጣለች ስል እስክሪብቶ አነሳች። «ታዲያ እንዴት ቢሆን ይሻላል?»

ነገርኳት። ሰው የሚያመጣ፣ ያንን ሰው የት ሲሠራ እንዳየው ይናገር። የማይችለውንም ይናገር፤ ጥሩ ጥሩውን ብቻ የሚነግርሽ ደላላ ነው። ሦስት ወር አብሮት ይቁም። ብርድ ልብስሽም ከዚያ በኋላ ይምጣ። የዚያን የሳሙና ቆራጭ ፎቶ ከበሩ ላይ አውርጂልኝ፣ ጠዋት ጠዋት ሳየው ቁርሴ ይመለሳል። ሁሉንም ጻፈችው። ከዚያ አንድ ባዶ ፎርም ገፋ አደረገችልኝ። «እርስዎስ ሰው የለዎትም?»

ሰውማ አለኝ፤ ባልሽ።

እንግዲህ ስሚኝ። ከስምንት ዓመት በፊት ባልሽን ከቦይለሩ ያስወጣሁት ስለጠላሁት ይመስልሻል። እሱም እንዲያ ነግሮሻል። እሱም መለኪያውን ሳያይ ይጽፍ ነበር። ሁለቴ ይዤው ዝም አልኩ፣ አንቺ እርጉዝ ነበርሽ። በሦስተኛው፣ ራሴ ያመጣሁትን ራሴ አስወጣሁ። ምክንያቱን ያልነገርኩሽ በባልሽ እንዳታፍሪ ብዬ ነው። እናንተም ሻንጣችሁን ይዛችሁ ሄዳችሁ። እናትሽ ዓይኗ እስኪከደን «ንገራት እንጂ አንተ ግትር» ስትለኝ ነበር። እምቢ አልኳት። አሁን ነገርኩሽ።

ፎርሙን ሞላሁት። ዝምድና ለሚለው «የልጄ ባል፣ አብሬው ሠርቻለሁ» አልኩ። ለሚችለው «ጭነት ላይ እንደሱ ያለ አላየሁም። ሣጥን አይጥልም፣ ሰው አያስቀይምም፣ አይሰርቅም» አልኩ። የማይችለውን መጻፊያ ቦታ የለውም፤ ከታች በእጄ መስመር አሰመርኩና «ብቻውን የሚጠብቀው ነገር አይሰጠው። ሳያይ ይጽፋል። ቦይለር ክፍል እንዳይገባ። ሦስት ወር እኔ አየዋለሁ» ብዬ ፈረምኩ።

ሴትየዋ እስከ ታች አነበበችው። «አባባ፣ ከዚህ ሁሉ ወረቀት ሰውየው ማን እንደሆነ የገባኝ እዚህ ላይ ብቻ ነው» አለች። «ጭነት ክፍል ሰው ጎድሎኛል፤ ይምጣና ልየው።» ልየው ነው ያለችው፣ ቀጠርኩት አላለችም። ብርድ ልብሱንም አልወስድም ብያታለሁ።

ፎቶውን ግን ዛሬም አላወረዱትም። ይስቃል።

የጻፍኩትን ለባልሽ ቃል በቃል አንብቢለት። አንዲት ቃል እንዳታለሰልሺ። ከተቆጣ ይቅር፣ ቅር አይለኝም። ካልተቆጣ በወሩ መጨረሻ ይምጣ።

የጓዳውን ክፍል ቀለም አስቀብቻለሁ። ግድግዳው ሻግቶ ነው፣ ሌላ ነገር እንዳይመስልሽ። አናጢውም ትርፍ ጣውላ አለኝ ብሎ አልጋ ልሥራ ወይ ሲል ዝም አልኩት፣ ሠራው። የልጅሽን ቁመት ስላላወቅሁ ረዘም አድርገው ብዬዋለሁ።

እጅሽ የነካው ይለምልም፣ መንገድሽ እሾህ አይኑርበት። ፈጣሪ ልጅሽን ላንቺ፣ አንቺንም ለሱ ያቆይ።

አባትሽ