ዳማ የጮኸባቸው ሐሙሶች

ውድ እህቴ ድንቅቱ፣

ዓርብ ጠዋት ዓለም ገና ላይ ከታክሲ ወረድኩ። መውረጃዬ አልነበረም፤ ሥራ ቦታዬ ለመድረስ ገና የአንድ ሰዓት መንገድ ይቀረኝ ነበር። በጆሮ ማዳመጫዬ የአንቺን ድምፅ ስሰማ ግን «ወራጅ አለ» አልኩ። ረዳቱ «እህት፣ አሁን አይደል እንዴ የተሳፈርሽው?» ብሎ ሳቀብኝ። አስፋልቱ ዳር ቆሜ ወደ ኋላ መልሼ እንደገና ሰማሁት። ሌላ ሰው ይሆናል ብዬ ነበር። ሦስተኛ ጊዜ ስሰማው ግን አልተጠራጠርኩም። አንቺ ነበርሽ።

ደውዬ ልነግርሽ አልፈለግኩም። ስልክ ላይ ታቋርጪኛለሽ፣ ታለቅሻለሽ፣ ከዚያ አባባይዋ እኔ እሆናለሁ። ስለዚህ ጻፍኩልሽ፤ እስከ መጨረሻው አንብቢው።

ሐሙስ ከቤት ስወጣ አሮጌውን ስልኬን ድምፅ እንዲቀዳ ከፍቼ ቁም ሳጥኑ አናት ላይ ትቼው ነበር። አንቺን ልሰልል አይደለም። ዳማ ብቻውን ሲቀር በስንተኛው ደቂቃ ማጥፋት እንደሚጀምር ለማወቅ ነው። የእንስሳት ሐኪሙ ነው እንደዚያ አድርጊ ያለኝ።

ዳማ ገና የዘጠኝ ወር ውሻ ነው። ያመጣሁት ሰሞን ከሥራ ስመለስ የሚጠብቀኝን አብረን አይተናል፤ የበሩ ጠርዝ ተግጦ፣ ጋዋኔ አልጋ ሥር ተጎትቶ ተዘልዝሎ፣ ከጫማ ሁሉ የቀኝ እግሩ ብቻ ተመርጦ ተበልቶ። አንቺ «ውሻ ቀን ይታሰራል፣ ማታ ይፈታል፤ ይሄ ምን ያስጨንቃል?» አልሽ። ሐኪሙ ግን በእልህ አይደለም፣ በፍርሃት ነው አለኝ። የምትመለሺ አይመስለውም። ገብተሽ ብትመቺው ለምን እንደተመታ አያውቅም፤ መምጣትሽንም መፍራት ይጀምራል አለኝ።

ስለዚህ አስለመድኩት። ቁልፍ አንስቼ ሳልወጣ እቀመጣለሁ። ጫማ አጥልቄ ሽንኩርት እከትፋለሁ። ከዚያ አንድ ደቂቃ ወጥቼ፣ ሳላቅፈው ሳልቆጣው ዝም ብዬ እገባለሁ። ከዚያ ሦስት ደቂቃ፣ አምስት፣ አሥር። ቅዳሜን ሙሉ በግቢው በር ስወጣ ስገባ ጎረቤቴ ሩዋይዳ ልብስ እያሰጣች «ኡርጂ፣ አሁንስ ውሻው ለምዶ አንቺ ነሽ ያልለመድሽው» ትለኝ ነበር። በሁለት ወር ውስጥ እኔ ሥራ ውዬ፣ አንቺ እኩለ ቀን ላይ ከፉሪ መጥተሽ እየመገብሽልኝ፣ አንድ ካልሲ እንኳ ሳይነካ መዋል ጀመረ። ለአገሩ ሁሉ አወራሁ። ቁልፌን የሰጠሁት ከሩዋይዳ ይልቅ ላንቺ ነው፤ ምክንያቱም አንቺ ነሽ ያሳደግሽኝ።

ከዚያ ሐሙሶቹ መጡ። አንድ ሐሙስ የሽንት ቤቱ በር ከሥሩ ተፍቆ አገኘሁት። በሚቀጥለው ደግሞ ጃኬቴ ተቀዳዶ። በሦስተኛው ፍራሼ ተዘርግፎ። የሽንት ቤቱ በር ለምን ከውስጥ በኩል እንደተፋቀ እንኳ አላሰብኩም። በሦስተኛው ሐሙስ አመሻሽ ላይ አንቺም ነበርሽ። ስፖንጁን እየለቀምሽ «አላልኩሽም? ብቻዋን የምትኖር ሴት ምን ውሻ ያሳቅፋታል? ስጪውና ኑሮሽን ኑሪ» አልሽኝ። እኔም ጫማዬን አውልቄ መታሁት። የመጀመሪያዬ ነበር። አልሸሸም፤ እየተመታ ወደ እግሬ ነው የተጠጋው። አንቺ ቆመሽ ታዪኝ ነበር። እያወቅሽ ነው ያየሽኝ።

አሁን ስልኩ የቀዳውን ልንገርሽ። እያሳለፍኩ ነው የሰማሁት፤ አምስት ሰዓት ሙሉ ምንም የለም። አጥንቱን ሲያኝክ ይሰማል፣ ከዚያ ሲያንኮራፋ። ከዚያ ቁልፍ። «ባጋ ነጋን ዱፍታን፣ እንኳን ደህና መጣችሁ» እያልሽ በክብር ሰው አስገባሽ። በድምፃቸው አወቅኳቸው፤ የተፍኪው ባለ ወፍጮ ኦቦ ዱቤና ሚስታቸው። ልጃቸውን ባርናባስን አላገባም ብዬ ሁለት ጊዜ ነግሬሻለሁ። ሴትየዋ ስለ ዳማ «ዛሬም ሊጮህ ነው ይሄ?» ሲሉ የመጀመሪያ ቀናቸው እንዳልሆነ ገባኝ። ጎትተሽ ሽንት ቤት ስትዘጊበት ጥፍሩ ሲሚንቶው ላይ ሲፋተግ ይሰማል። እሱ እየጮኸ እናንተ ቤቴን ተዘዋውራችሁ አያችሁ። ሴትየዋ ቁም ሳጥኔን ከፍተው ልብሷ ትንሽ ነው አሉ። ሥራዋን ትተዋለች ወይ ብለው ጠየቁ፤ ትተዋለች አልሽ። የዛሬ አሥር ቀን እሑድ ሽማግሌ ይምጣ፣ እናቷም እህቷም እኔ ነኝ፣ እሺ ብያለሁ አልሽ።

የእኔን ፈቃድ የጠየቁት ኦቦ ዱቤ ብቻ ናቸው። «ልጅቷስ ምን አለች?»

«መጀመሪያ ትጮኻለች» አልሽ። «ከዚያ ትለምዳለች።»

ሳቃችሁ። ሽንት ቤት ውስጥ የዳማ ድምፅ እየሰለለ ነበር። ስትወጡ ከፈትሽለት፣ የቤቱን በር ቆለፍሽ። ሐኪሙ የፈለገውን ደቂቃ አገኘሁት፤ እናንተ ከወጣችሁ በአራተኛው ደቂቃ የሰፋሁትን ፍራሽ እንደገና መቅደድ ጀመረ።

ድንቅቱ፣ ሆለታን ረሳሽው? እማዬ በሞተችበት ዓመት እኔ ሰባት ዓመቴ፣ አንቺ አሥራ ዘጠኝ። አበባ እርሻው ሥራ ስትሄጂ ከውጭ ትቆልፊብኝ ነበር፤ ሌላ ምርጫ አልነበረሽም። አንድ ቀን የፍራሹን ገለባ አንድ ሳላስቀር አውጥቼ ወለሉ ላይ በትኜ ጠበቅኩሽ። ትመቺኛለሽ ብዬ ነበር። አልመታሽኝም። ገለባው ላይ አብረሽኝ ተቀመጥሽ፣ አለቀስሽ፣ ከዚያ ሁለታችን መልሰን ሞላነው። ከማግስቱ ጀምሮ በሩ አልተቆለፈም፤ ጎረቤት እንድታየኝ ለምነሽ ነበር የምትሄጂው። የተዘጋ በር ምን እንደሚያደርግ ካንቺ በላይ የሚያውቅ የለም። ድንጋጤዬ እስካሁን ያልወጣልኝ ለዚህ ነው። ሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ ተናድጄ ብቻ በተውኩት።

ቁልፉን አስቀይሬዋለሁ። እኩለ ቀን ላይ ዳማን የምታየው ሩዋይዳ ናት። ከአንድ ደቂቃ እንደገና ጀምረናል፤ ትናንት ስምንት ደርሰናል። የሽንት ቤቱን በር አስነቅዬ መጋረጃ ሰቅያለሁ። አንቺ እህቴ ነሽ፣ መምጣት ትችያለሽ፤ እኔ ባለሁበት፣ አንኳኩተሽ።

እሑድ ሽማግሌዎቹ ከመጡም ያገኙኛል። ኦቦ ዱቤ የጠየቁት ጥያቄ ደግ ጥያቄ ነበር፤ መልሱን ከእኔው አፍ ይሰማሉ።

እኔ ዳማን ያስለመድኩት እንደምመለስ እንዲያውቅ ነው። አንቺ እኔን ልታስለምጂኝ የፈለግሽው ከገባሁ በኋላ እንዳልወጣ ነው። ከእንግዲህ እኔ በሌለሁበት ስለ እኔ የተባለን እሺ አልቀበልም። ካሳደገኝ ሰው አፍ ቢወጣም አልቀበልም።

ገለባውን የበተነችው እህትሽ
ኡርጂ
ሰበታ