መኪናህን ስለ መሸጥ

ይድረስ ለልጄ ለዓባይ፤ በደረስክበት ሁሉ ደግ ሰው ይቅደምህ። እኛ አሰበ ተፈሪ አለን።

ያቺ ትተሃት የሄድካት፣ ኋላዋ ወደ ላይ የሚከፈት የሩጫ መኪናህ ዛሬ እህል ወፍጮ ቤት ታመላልሳለች፤ ለቅሶም ታደርሳለች። ማክሰኞ ለለቅሶ በደሳ ስንሄድ የንስሐ አባታችን ሊገቡ ሲሉ፣ ከኋላ የተቀመጥነው «ኖር!» ብለን ብንነሳ ጣሪያው መልሶ አስቀመጠን። «በእግዜር! ኧረ ጭንቅላታችሁን!» አሉ። ሆዷንማ የመቻራ መንገድ ድንጋይ ጨርሶታል።

«እንሽጣት» ስለው አባትህ «ልጁ ሲመጣ ምን ሊነዳ?» ይለኛል። እኔስ «መቼ ትመጣለህ?» ብዬ ጠይቄህ ስለዚያ አገር በረዶ ብቻ ከጻፍክልኝ ወዲህ ገብቶኛል።

ያለህበት አገር፣ አገር ይሁንህ። ብቻ ለአባትህ «አባባ፣ ይሽጧት» ብለህ ጻፍለት፤ ከእኔ አፍ አይስማው።

እናትህ አጸደ